አደጋ የሌለበት ጀግንነት

ሰው የራሱን ማንነት የሚያውቀው መቼ ነው? በሰላም ቀን፣ በሞቀ ቤቱና በጠገበ ሆዱ ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚናገረውን ብናዳምጥ፣ ከመካከላችን «ፈሪ ነኝ» የሚል አንድ ሰው እንኳ ማግኘት ያዳግተናል። «ከሐዲ ነኝ» የሚልማ ከቶ አይገኝም። ይሁን እንጂ ታሪክ በየዘመኑ ፈሪም ከሐዲም አላጣችም። እንግዲያው በአንደበታችን በምንሰጠው ምስክርነትና በተግባር በምንሆነው ነገር መካከል ሰፊ ገደል አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ይህን ገደል መሻገር ግድ የሚሆንበት ሰው፣ እግሩ ይጸና ወይም ይብረከረክ እንደሆነ ከመሻገሩ በፊት ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ይኖራልን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያነሣሣው አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። የብሪታንያው ቢ.ቢ.ሲ. በ2018 እ.ኤ.አ. የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የምስጢር ወኪሎች ምርጫ የሚመለከት አምስት ክፍሎች ያሉት ተከታታይ ዝግጅት አቅርቦ ነበር። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከልዩ ልዩ የኑሮ መስክ የተውጣጡ 14 ተራ ሰዎች የ1940ዎቹን ልብስ ለብሰው፣ በዚያ ዘመን ወደ ጠላት ይዞታ ይላኩ የነበሩ ወኪሎች ያለፉበትን ሥልጠና እንዲያልፉበት ተደረገ። የውትድርና ልምድ ያላቸው አሠልጣኞችና አንድ የሥነ ልቡና ባለሙያ እየተከታተሉ መዘኗቸው። ያልበቃው ተሰናበተ፤ የበቃው ቀጠለ። ተመልካቹም በየሳምንቱ ራሱን «እኔስ ብሆን ኖሮ እችለው ነበርን?» እያለ ጠየቀ። «ሪያሊቲ ሾው» የሚባለው የዝግጅት ዓይነት፣ ማለትም ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን በተዘጋጀ ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ የሚሆኑትን የሚቀርጸው ሥራ፣ ከዚህ ቀደም ፍቅርን፣ ምግብ አሠራርንና ዘፈንን ሲያወዳድር ቆይቷል። አሁን ደግሞ የሙታንን ድፍረት ማወዳደሪያ አደረገው።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የነገሩን ሥር እንመርምር። ዝግጅቱ መነሻ ያደረገው ድርጅት «የልዩ ዘመቻዎች አስፈጻሚ» ወይም በእንግሊዝኛው ምሕፃረ ቃል ኤስ.ኦ.ኢ. ይባል ነበር። የተቋቋመው ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ በወደቀች ማግሥት፣ በሐምሌ 1940 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ለኃላፊው ሚኒስትር ለሂዩ ዳልተን የሰጡት ትእዛዝ በጠላት የተያዘችውን አውሮፓ በእሳት እንዲያጋይ ነበር። ስለዚህ የድርጅቱ ዋና ሥራ ወሬ መልቀምና መሰለል ብቻ አልነበረም። ድልድይ ማፍረስ፣ የባቡር ሐዲድ መቁረጥ፣ በፋብሪካ ውስጥ አሻጥር መሥራት፣ በየአገሩ የሚነሡትን አርበኞች ማስታጠቅና ማገናኘት ጭምር ነበር። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሰው ትልቁ መመዘኛ ጡንቻ ሳይሆን፣ በሚላክበት አገር ሕዝብ መካከል ሳይታወቅ መኖር መቻሉ ነው። ስለሆነም የሱቅ ሠራተኛ፣ ጋዜጠኛ፣ የልጆች እናት ሁሉ ተመለመሉ።

ምልምሎቹ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በአሪሴግ ፈንጂ ማጥመድን፣ ተኩስንና ድምፅ ሳያሰሙ መግደልን ተማሩ። ከዚያም በደቡብ እንግሊዝ በቢውሊ የድብቅ ኑሮን ጥበብ አጠኑ፤ የሐሰት ስምና የሐሰት የሕይወት ታሪክ አጥንተው እንደ ራሳቸው መኖርን ተለማመዱ። እዚያ ሳሉ በእኩለ ሌሊት የጀርመን መኮንን ልብስ የለበሱ ሰዎች ከእንቅልፋቸው እየቀሰቀሱ ይመረምሯቸው ነበር። ከ1943 ጀምሮ ደግሞ የሥነ ልቡናና የአእምሮ ሐኪሞች ያሉበት መርማሪ ጉባኤ እጩዎችን በልዩ ልዩ ልምምዶች እየፈተነ ይመርጥ ጀመር። በቴሌቪዥን የታየው ምርጫ ይህን ይመስላል።

የእውነተኛዎቹ ፍጻሜ ግን በስቱዲዮ መብራት የሚታይ አልነበረም። በዚያው በ1943 በፓሪስ ከተማ የአንድ ድብቅ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ያህል ነው ይባል ነበር፤ የጀርመኖች መኪናዎች የሬዲዮውን ሞገድ እያሸተቱ በየመንገዱ ይዞሩ ነበርና። ከተያዙ በኋላ ለሚመጣው ሥቃይ የመርዝ እንክብል የታደላቸው ነበሩ። በፈረንሳይ አገር በቫሎንሴ ከተማ በ1991 የተመረቀው መታሰቢያ፣ ወደ ፈረንሳይ ተልከው ሳይመለሱ የቀሩ የ104 ሰዎችን ስም ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ 13ቱ ሴቶች ናቸው።

እንግዲህ በእነዚህ ስሞች ፊት ቆመን ዝግጅቱን ስንመለከት፣ አንዱ ወገን «ይህ በሙታን ላይ መቀለድ ነው» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ይህ አስተያየት ቅንነት ቢኖረውም ችኩል ነው። ዝግጅቱ ሁለት መልካም ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ በመዝገብ ቤት ተከርችሞ የኖረን ታሪክ ወደ ሕዝብ አውጥቷል። ሁለተኛና ከፍ ያለው፣ ጀግናን ከሐውልቱ ላይ አውርዶ ሰው አድርጎታል። ሐውልት ክብር ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ጉዳትም አለው። ጀግናን ከነሐስ ስንሠራው፣ ከእኛ የተለየ አፈር የተፈጠረ አድርገን እናስበዋለን። እርሱ ልዩ ፍጡር ከሆነ ደግሞ እኛ ተራዎቹ ከግዴታው ነፃ ነን ማለት ነው። «ያ ለእነርሱ የተሰጠ ነው» ብለን እጃችንን እናጣጥፋለን። የሱቅ ሠራተኛዋና እናቲቱ ያን አድርገው እንደነበር የሚያሳይ ሥራ ይህን ምክንያት ከእጃችን ይነጥቃል። ይህም ትልቅ ትምህርት ነው።

ጦርነትን በጨዋታ መለማመድም በራሱ ነውር አይደለም። በአገራችን የጥምቀት ለት በሜዳ ላይ የሚታየው ጉግስ የጦርነት ጨዋታ ነው። ፈረሰኛው ዘንግ ይወረውራል፤ ባላጋራው በጋሻ ይመክታል፤ ዳር የቆመው ሕዝብ ያደንቃል። ይሁን እንጂ በጉግስ ያሸነፈ ጎበዝ የዓድዋን ዘማች እኩያ ነኝ ብሎ አይፎክርም፤ ቢፎክርም ሽማግሌዎቹ ይስቁበታል። ጨዋታው ጨዋታ መሆኑን ተጫዋቹም ተመልካቹም ያውቁታል። ቴአትርም እንደዚሁ ነው። በመድረክ ላይ የሞተው ተዋናይ መጋረጃው ሲዘጋ ተነሥቶ እጅ ይነሣል፤ ማንም አታለለን አይልም። ኪነ ጥበብ «ይህ ምሳሌ ነው» ብሎ አምኖ ስለሚነሣ፣ በምሳሌው በኩል እውነትን ይናገራል። «ሪያሊቲ ሾው» ግን ከስሙ ጀምሮ «ይህ ምሳሌ አይደለም፤ ይህ ራሱ እውነታው ነው» ይለናል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቅርጹ ትርኢት ሆኖ ሳለ ይዘቱን እውነት ነው ብሎ ያቀርባል።

ለመሆኑ ከዚህ «እውነታ» የጎደለው ምንድን ነው? ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው መዘዝ ነው። በልምምዱ ምርመራ የሚጮህበት ሰው ሊደነግጥ፣ ሊያልበው፣ ሊያለቅስም ይችላል። ነገር ግን በልቡ ጓዳ ሲነጋ ቁርስ እንደሚቀርብ ያውቃል። መርማሪውም ያውቃል። የቢውሊ ሠልጣኝም ቢሆን በዚያች ሌሊት ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ልዩነቱ እርሱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቁርስ ወደማይቀርብበት ምርመራ ሊሄድ መዘጋጀቱ ነው። ለእርሱ ልምምዱ የመንገድ መጀመሪያ ነበር፤ ለቴሌቪዥኑ ተወዳዳሪ ግን የመንገዱ መጨረሻ ነው። አደጋ በሌለበት ድፍረትን መፈለግ፣ አባቶቻችን እንደሚሉት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

ሁለተኛው የሌላው ሰው ደም ነው። በብሪታንያ የሠለጠኑት ሁለት ወታደሮች፣ ዮሴፍ ጋብቺክና ያን ኩቢሽ፣ በግንቦት 1942 በፕራግ ከተማ የናዚውን ሹም ራይንሃርድ ሃይድሪኽን መቱት፤ በጥቂት ቀናትም ሞተ። ጀርመኖች ሊዲሴ የምትባለውን መንደር ከበው 173 ወንዶችን በአንድ ቀን ረሸኑ፤ ሴቶቹን ወደ ማጎሪያ ላኩ፤ መንደሪቱንም ከምድር ገጽ አጠፉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ የራሱ ቁስል ያመዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀናት ያወረዱትን እልቂት እናውቃለንና። በጠላት ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው የሚመዝነው የራሱን ሞት ብቻ አይደለም። የጎረቤቱን ልጅ ሞትም ይመዝናል። «ምታ» የሚለው ፍርድ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ትክክለኛነቱ ሸክሙን አያቀልለውም። በመጫወቻ ፈንጂ መጫወቻ ሐዲድ የሚያፈርስ ተወዳዳሪ ይህን ሸክም በትከሻው አይሸከምም። የጦርነት ሥነ ምግባር ዋናው ጥያቄ ግን በዚያ ሸክም ውስጥ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ አስተያየትም ከሁሉ የጠለቀው፣ የምስክር ነገር ነው። የምስጢር ወኪል ዕጣ አለመታየት ነው። መልካም ሥራውን ማንም አያይለትም፤ ቢሞት የት እንደሞተ ዘመዱ አያውቅም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ የድርጅቱ ባልደረባ ቬራ አትኪንስ ወደ ጀርመን ሄደው፣ የጠፉት ወኪሎች የት እንደደረሱ እስረኛውንም ጠባቂውንም እየጠየቁ መመርመር ግድ ሆኖባቸዋል። ካሜራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በካሜራ ፊት የቆመ ሰው በሕዝብ ዓይን ይደገፋል፤ እፍረት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ውዳሴ ይገፋፋዋል። እርሱ የተፈተነው «ሁሉም ሲያየኝ ምን እሆናለሁ?» በሚለው ነው። ወኪሉ የተፈተነው ደግሞ «ማንም ሳያየኝ ምን እሆናለሁ?» በሚለው ነው። ሁለቱ ፈተናዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ባሕርያቸው እጅግ የተራራቀ ነው።

ፈተና ሰውን ምን ያህል ሊያውቀው እንደሚችል ለመረዳት ከዚያው ድርጅት ታሪክ አንዲት ሴት እንጥቀስ። ኑር ዒናያት ኻን በ1914 በሞስኮ ተወለደች። አባቷ ሕንዳዊ የሙዚቃና የሱፊ ትምህርት መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት ነበሩ። በፓሪስ አድጋ ለልጆች ተረት ትጽፍ ነበር። በሥልጠናው ጊዜ አሠልጣኞቿ ለሥራው መብቃቷን ተጠራጠሩ፤ በቢውሊ የተጻፈባት ዘገባም መልካም አልነበረም። ሆኖም የሬዲዮ ሠራተኛ በጣም ያስፈልግ ስለነበር በሰኔ 1943 ወደ ፈረንሳይ ተላከች። በደረሰች በጥቂት ቀናት ውስጥ አብረዋት ሊሠሩ የነበሩት ወኪሎች በብዛት ተያዙ። ከለንደን «ተመለሺ» ተባለች፤ እምቢ አለች። የመጨረሻው የሬዲዮ ድልድይ እርሷ መሆኗን ታውቅ ነበርና። በጥቅምት ተያዘች። ለማምለጥ ሞከረች፤ አልሆነም። በፎርትስሃይም እስር ቤት ለወራት በሰንሰለት ታስራ ቆየች፤ በመስከረም 1944 በዳኻው ማጎሪያ ተረሸነች። ብሪታንያ በ1949 የጆርጅ መስቀል የተባለውን ከፍተኛ ሜዳሊያ በስሟ ሰጠች።

አሠልጣኞቿ ተሳስተው ነበርን? መልሱ አዎንም አይደለምም ነው። የላከቻቸውን መልእክቶች ቅጂ አስቀምጣ በመገኘቷ፣ ጀርመኖች በዚያ እየተጠቀሙ ለንደንን አታለሉ፤ ሌሎች ወኪሎችም ወደ ተዘጋጀላቸው ወጥመድ ወረዱ። ስለዚህ ፈታኞቿ ጥንቃቄ ይጎድላታል ብለው የሰጉት ሥጋት ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን «ተመለሺ» ስትባል እምቢ የምትል፣ በሰንሰለት ታስራም ጓደኞቿን የማትሰጥ ሴት መሆኗን የትኛውም ፈተና አላየም። ፈተናው ችሎታዋን መዘነ፤ ታማኝነቷን ሊመዝን አልቻለም። ችሎታ በልምምድ ይታያል። ታማኝነት ግን የሚታየው ዋጋው ሲከፈል ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ዝግጅቱ ለተመልካቹ የሚያቀርበው ጥያቄ ራሱ የተዛባ መሆኑን እንረዳለን። «እችለው ነበርን?» ይላል። በተያዘች አገር የሚኖር ሰው ፊት የቆመው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «እችላለሁን?» ሳይሆን «እሺ እላለሁን? እምቢ እላለሁን?» የሚለው ነበር። ደግሞም የአርበኛው ሚና ብቻ አልነበረም ክፍት የነበረው። በፈረንሳይ የገዛ ወገኑን እያደነ ለናዚ የሚያስረክብ ሚሊስ የተባለ ጦር በ1943 ተቋቁሞ ነበር። በእኛም አገር ባንዳ ነበር። ባንዳውም ከሌላ ፕላኔት የመጣ አልነበረም፤ የአርበኛው ጎረቤት፣ አንዳንዴም ወንድሙ ነበር። «ጀግና እሆን ነበርን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ተመልካች ሶፋው ላይ ይሞቀዋል። «ባንዳ እሆን ነበርን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እንቅልፍ ያጣል።

ቴሌቪዥን ይህን ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ አይችልም ማለት አይደለም። በ2010 በፈረንሳይ ቴሌቪዥን «የሞት ጨዋታ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ቀርቦ ነበር። 80 ሰዎች ለአዲስ የጥያቄና መልስ ውድድር መጣችሁ ተብለው፣ መልስ የሳተውን ሰው በኤሌክትሪክ እንዲቀጡ ታዘዙ። ኤሌክትሪኩ ሐሰት፣ የሚጮኸውም ሰው ተዋናይ ነበር፤ እነርሱ ግን አላወቁም። የአቅራቢዋን ትእዛዝና የታዳሚውን ጭብጨባ ተከትለው ከአምስቱ አራት ያህሉ እስከ መጨረሻው ኃይል ድረስ ቀጡ። ሰዎችን እንዲህ ማታለል የራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። ሆኖም ፊልሙ አንድ ነገር ገልጧል፤ አብዛኛው ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን እምቢ ማለትን ስላልለመደ እንደሚወድቅ አሳይቷል።

እምቢ ማለትን የለመዱ ሰዎችን ለማየት ከአገራችን መውጣት አያስፈልገንም። በለንደን «አውሮፓን አጋዩ» የሚለው ትእዛዝ ከመሰጠቱ አራት ዓመት አስቀድሞ የኢትዮጵያ አርበኞች በየዱሩ ጦርነት ላይ ነበሩ። በነሐሴ 1940 በዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው «ሚስዮን 101» ጎጃም ሲገባ ያገኘው ሥልጠና የሚጠብቁ ምልምሎችን ሳይሆን፣ በመከራ የተፈተኑ ተዋጊዎችን ነው። ከተዋጊዎቹም ኋላ በየከተማው የውስጥ አርበኞች ነበሩ። ከጠላት ጋር እየዋሉ፣ እያበሰሉለት፣ እየጻፉለት፣ ጥይቱንና መድኃኒቱን ወደ ዱር ያሻግሩ ነበር፤ የሚንቀሳቀሰውን ጦር ወሬ አስቀድመው ይልኩ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ተይዘው ታሰሩ፤ ወደ ኢጣሊያ አገር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ሲመለሱም ሥራቸውን ቀጠሉ። እኚህን ሴት የመረጠ ጉባኤ አልነበረም። የሐሰት የሕይወት ታሪክ ያስጠናቸው አሠልጣኝ፣ የመርዝ እንክብል ያደለ መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ስማቸው እንኳ ሳይጻፍ አልፈዋል።

ታዲያ ያለ ሥልጠና ምን አጸናቸው? ድፍረት እንደ ዋና ወይም እንደ ተኩስ ለብቻው የሚጠና ሙያ አይደለም። ድፍረት ከሌላ ነገር ጋር ያለን ቁርኝት ነው፤ ከሰው፣ ከአገር፣ ከቃል ጋር። ፈሪ ሰው እንኳ ለልጁ ሲል እሳት ውስጥ ይገባል፤ በዚያች ሰዓት የሚያየው እሳቱን ሳይሆን ልጁን ነውና። የውስጥ አርበኛው ደፋር የሆነው ደፋር ለመሆን ፈልጎ አይደለም፤ አሳልፎ የማይሰጠው ነገር ስለነበረው ነው። የድፍረቱን መጠን ለማወቅ ብቻ ብሎ የሚፈተን ሰው ግን ዓይኑን የሚያሳርፈው በራሱ ላይ ነው።

በዚህ መሠረት በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ገደሉን ከመሻገራችን በፊት እግራችን መጽናቱን በእርግጥ የምናውቅበት መንገድ የለም። ነገር ግን መዘጋጀት እንችላለን፤ የምንዘጋጀውም በፈንጂና በሐሰት ስም አይደለም። ማንም በማያየን ትንሽ ቦታ ነው። መምህሩ ለባለ ሥልጣን ልጅ የማይገባውን ማርክ እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ ካድሬው ያልተፈጸመውን ተፈጸመ ብሎ ሪፖርት እንዲፈርም ሲገፋ፣ ሠዓሊውና ደራሲው ያላመኑበትን እንዲያወድሱ ሲታዘዙ፣ ሰዓቱ ትንሽ ነው፤ ካሜራም የለም። በዚያች ትንሽ ሰዓት እምቢ ያለ ሰው በትልቋ ሰዓት እምቢ ለማለቱ ዋስትና የለውም። በትንሿ ሁልጊዜ እሺ እያለ የኖረ ግን፣ በትልቋ ምን እንደሚል አስቀድሞ ለራሱ አስተምሯል።

ለኪነ ጥበብ ሰውም ከዚህ የሚከተል ግዴታ አለ። የሙታንን ሥራ በመድረክ፣ በሸራ ወይም በቴሌቪዥን ስናቀርብ የተመልካቹን ልብ ማሞቅ ቀላል ነው፤ ገበያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በገበያ ሕግ የሚመራ ትርኢት የጀግናን ድፍረት እንደ ሸቀጥ ጠቅልሎ፣ ዋጋውን ግን ቀንሶ ይሸጣል። የእኛ ሥራ ዋጋውን መልሶ መጻፍ ነው። የሊዲሴን ወንዶችና የየካቲት 12ን ሰማዕታት ከፈንጂው አጠገብ እናቁም። ከአርበኛው ጎን ባንዳውን፣ ባንዳውንም በእኛ አምሳል እንሣለው። ከድሉ ይልቅ ያችን ምስክር የሌላትን ሰዓት እናሳይ። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ «እኔም ጀግና ነኝ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ከሄደ አታለልነው። «ነገ ጠዋት በሥራ ቦታዬ የሚጠብቀኝን ወረቀት ልፈርመው ይገባኛልን?» እያለ አንገቱን ደፍቶ ከሄደ ግን፣ በቫሎንሴ ለተጻፉት 104 ስሞችም፣ ስማቸው ላልተጻፈው የውስጥ አርበኞቻችንም የሚገባቸውን ክብር ሰጠን ማለት ነው።